«ይሰማል» ጠብቆ ሲነበብ

ዛሬ ጠዋት አንዲት መምህርት ታቦር ሰፈር ያለችው ጠባብ ቢሯችን ድረስ መጥታ አማርኛ አስተማረችኝ።

እኔና ሁለት ጓደኞቼ ትንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት እናዘጋጃለን። የሚላክልንን ታሪክ የጸሐፊውን ስም ሸፍነን እናነባለን፤ የጣልነውን መልሰን አናነሣም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

የመምህርት አስቴርን ታሪክ የጣልኩትም እኔ ነኝ። አንድ ግትር ሽማግሌ ከመንደሩ ሰው ሁሉ ጋር ሲሟገት ይቆይና፣ ታሪኩ «በመጨረሻ ሽማግሌው ይሰማል» ብሎ ያልቃል። «እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ጀምበር ምክር ሰሚ አይሆንም፤ መጨረሻው ውሸት ነው» ብዬ ጻፍኩላት።

«ጋሼ፣ ቃሉን አላልተው አንብበውት ነው» አለችኝ። «እስቲ አጥብቀው ያንብቡት። ሽማግሌው ማንንም አልሰማም፤ መንደሩ ነው እሱን የሰማው።»

አጥብቄ አነበብኩት። ታሪኩ በሙሉ ተገለበጠ። ማንበብ የተማርኩት ብቻዬን ስለሆነ ተሳስተሃል መባል አልወድም፤ ዛሬ ግን እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

«ታዲያ ‹ሰሚ ያገኛል› ብትይ ምን ነበረበት?» አልኳት።

«አማርኛ ለእኔ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፤ ለእርስዎስ?» አለችኝ።

ጓደኞቼ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ለማያምን ሁለት ምስክሮች አሉኝ።

ታሪኩ በሚቀጥለው እትም መጀመሪያ ላይ ይወጣል። ሕጌን ግን አልሻርኩም። የጣልኩት ሌላ ታሪክ ነበር፤ ይህኛውን ያነበብኩት ዛሬ ነው።

እናንተስ አላልታችሁ አንብባችሁት ኋላ ጠብቆ ያሳፈራችሁ ቃል የትኛው ነው? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ስሕተቴን በአደባባይ ካመንኩ፣ እናንተ ምን ያስፈራችኋል?