የጋትሉዋክ ራት

ዘመኑ ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ነበር፤ እኔ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ። ጋምቤላ የወረድኩት በጨው ጭነት ላይ ተቀምጬ ነው። በወረቀት የተቀጠርኩት ለመንገድ ሥራ መጋዘን ዘበኛ ተብዬ ነበር። ሥራዬ ግን የአውራጃውን የኳስ ቡድን ማሰልጠን ነው። ያኔ እንዲህ ነበር። ለኳስ ብሎ ደመወዝ የሚቆርጥልህ መሥሪያ ቤት የለም። ዘበኛ ወይም ተላላኪ ብሎ ይጽፍህና ኳስህን ያስጫውትሃል።

አዲስ አበባም የኖርኩት በዚሁ ነው። ለአንድ ፋብሪካ ግራ ሀፍ ሆኜ ስጫወት ወረቀቱ ላይ ሸማኔ ነበርኩ። የሽመናውን መኪና አንድ ቀን ነክቼው አላውቅም። ጉልበቴ ሲበላሽ ወይ ሽመናውን ተማር ወይ ውጣ አሉኝ። ወጣሁ።

የመጀመሪያው ቀን የተቀበሉኝ የአውራጃው ምክትል ገዢ ግራዝማች አስፋው ናቸው። ቡድኑ በእሳቸው እጅ ነበር። ፊደል ቆጥረህ እንደሆን አሉኝ። ስሜን እጽፋለሁ አልኳቸው። ጎሬን ታሸንፍልኛለህ ወይ አሉኝ። ጎሬ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ ነው፤ በየዓመቱ ይረታን ነበር። ተጫዋቾቹን ሳላይ አልመልስም አልኳቸው። መልሴን አልወደዱትም። ፊሽካውን ግን ሰጡኝ።

ሜዳው ባሮ ወንዝ ዳር ነው። መስመሩን በአመድ እናሰምራለን። ፀሐይዋ ሳትከር ጨርሰን እንወጣለን፤ ከዚያ በኋላ ሜዳው ላይ የሚቆም ፍየል እንኳ የለም። ኳሳችን የቆዳ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ካላማዳሪው፣ የጎማ ከረጢቱ፣ ይነፋና አፉ በጠፍር ይታሰራል። ውኃ እንዳይጠጣ ሞራ እቀባዋለሁ።

ችግሩ ወንዙ ነው። ከፍ ብላ የተመታች ኳስ ባሮ ትገባለች። ባሮ ውስጥ አዞ አለ፤ ለኳስ ብሎ የሚገባ ሰው የለም። ስለዚህ አንድ ሕግ አወጣሁ። ኳስ ከጉልበት በላይ የሚያነሳ ሰው ወጥቶ ይቀመጣል። አስተማሪም ሆነ ፖሊስ ለእኔ አንድ ነው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። እየቆየ ግን ያ ቡድን በመሬት ኳስ የሚደርስበት ጠፋ። ብልሃት ነው ብለው ያመሰገኑኝ ነበሩ። ብልሃቱ የአዞው ነው።

በረኛዬና አምበሌ ኦጁሉ ይባላል፤ አኙዋ ነው፤ ዓሣ አጥማጅ። መሃል አጥቂዬ ጋትሉዋክ ነው፤ ኑዌር፤ መጋዘኑ ውስጥ ጭነት ያወርዳል። ግንባሩ ላይ የወንድነት መስመሩ የተሰመረ፣ ቁመቱ ከበር ጉበን የሚያልፍ ሰው ነው። ግራዝማች ያን ቁመት አይተው ኳሱን ለጭንቅላቱ አንሱለት ይሉኝ ነበር። እኔ እግሩን ነበር የማየው። እንደዚያ ለስላሳ እግር አዲስ አበባም አላየሁም።

በበጋው ጎሬ ተጠራን። ሸራ በለበሰ የጭነት መኪና ወጣን፤ ግራዝማች ጋቢና፣ እኛ ከኋላ። ዳገቱን ስንጨርስ ብርዱ መጣ። ልጆቹ ብርድ ልብስ ተከናንበው እርስ በርስ ተጣበቁ። ኦጁሉ ጎሬዎች በኳስ ሳይሆን በብርዱ ነው የሚያሸንፉን እያለ ያስቃቸዋል።

በግጥሚያው ዋዜማ የጎሬ ቡድን ኃላፊ ቤታቸው ራት ጠሩን። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ የተከበሩ ሴት ናቸው። ሴቶች ልጆቻቸው እጅ አስታጠቡን፤ ማዕዱ ቀረበ። ሁሉም በላ። ጋትሉዋክ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል እንጂ አልነካም። ብርዱ መትቶት ነው ብዬ ተውኩት።

ወይዘሮ የሺ አዩት። ጉርሻ ጠቅልለው በሞቴ እያሉ መጡ። ጋትሉዋክ መዳፉን አፉ ላይ አደረገ። ከዚያ ተነሣና በሩን ጎንበስ ብሎ ወጣ።

በሞቴ ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻ መመለስ በእኛ አገር ጥፊ ነው። አንዱ የጎሬ ተጫዋች መርዝ መስሎት ይሆናል ብሎ ቀለደ፤ የሳቀ የለም። ግራዝማች ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ነገ ይህ ሰው ሜዳ አይገባም።»

ኦጁሉን ይዤ ወጣሁ። ጋትሉዋክ መኪናው ላይ ብርድ ልብሱን ለብሶ ተቀምጧል። አሞህ እንደሆን ብጠይቀው አላመመኝም አለ። ኦጁሉ ሳቀብኝ።

«አሰልጣኝ፣ አንተ ይህን ሰው ሴት ባለችበት ሲበላ አይተኸው ታውቃለህ?»

አሰብኩት። አላየሁም። ጋምቤላ ምግብ ቤት ስንገባ አንድ ምክንያት ፈልጎ ይሄድ ነበር። እኔ የቸኮለ ይመስለኝ ነበር።

ጋትሉዋክ ሴትዮዋን አልጠላም አለኝ። ምግቡም ሽታው እስከዚህ ድረስ ተከትሎኛል አለ። ግን ግንባሩ የተሰመረ ወንድ ዘመዱ ያልሆነች ሴት እያየችው አፉን አይከፍትም፤ እነሱ ዘንድ ነውር ነው።

«እዚህ ጎሬ ማን ያውቅሃል?» አልኩት።

«እኔ ራሴን አውቃለሁ» አለኝ።

ግራዝማችን ትቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ወይዘሮ የሺ ፊታቸው እንደከበደ ነው። እሜቴ፣ ነገሩ ንቀት አይደለም ብዬ የሰማሁትን ነገርኳቸው።

«እኔ በዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ፣ የባሌ አባት ፊት እህል አልቀምስም ነበር» አሉ። «ጓዳ ነበር የምበላው። ማንም ናቀችን አላለኝም።»

አገልግል አውርደው በገዛ እጃቸው ሞሉት። ወንዱን አሽከር ጠርተው ወደ መኪናው ላኩት፤ ከሴቶች ልጆቻቸው አንዷ እንዳትከተለው አስጠነቀቁት። አገልግሉ ባዶውን ተመለሰ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ግራዝማች አሰላለፉን ጠየቁኝ። መሃል አጥቂ ጋትሉዋክ አልኩ። ቃሌ ወጥቷል አሉ። ወይዘሮዋ ይቅር ብለዋል አልኳቸው።

«እኔ አላልኩም። ቡድኑ የማን ነው?»

«ቡድኑ የእርስዎ ነው። አሰላለፉ የእኔ ነው።»

ካስገባኸው ጋምቤላ ስንደርስ ፊሽካውን ታስረክባለህ አሉኝ። ዋዛ አልነበረም። በዚያ ጉልበት የሚቀጥረኝ ፋብሪካ የለም፤ ከኳስ ሌላ የማውቀውም ሥራ የለም። ግን አንድን ሰው ስለ ራቱ ከሜዳ ካስቀረሁት፣ ሌሎቹን ከዚያ በኋላ በምን አፌ አዛቸዋለሁ? አስገባሁት።

የጎሬ ሜዳ ተዳፋት ነው፤ ሣሩ በጉም ርሷል። ሁለት ጎሬዎች ጋትሉዋክ አጠገብ ቆመው ኳስ ከሰማይ ይጠብቃሉ። የእኛ በመሬት መጣች። ጋትሉዋክ የሚመታ መስሎ በእግሮቹ መካከል አሳለፋት፤ የግራ ክንፋችን ከኋላ ደርሶ አገባት። ጎሬዎች በኋላ በማዕዘን ምት አቻ አደረጉን። አንድ ለአንድ ወጣን። ጋምቤላ ጎሬ ወጥታ ሳትሸነፍ ስትቀር ያ የመጀመሪያው ነው።

ግራዝማች ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አልነበሩም። ጋምቤላ ስንገባ ፊሽካውን ተቀብለው ለትምህርት ቤቱ የስፖርት መምህር ሰጡት። እኔ መጋዘኑን ጠበቅሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ወረቀቱ ዘበኛ ሆንኩ። ግራዝማች ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወሩ መምህሩ ራሱ ፊሽካውን ቤቴ ድረስ አመጣልኝ። ከዚያ ዘውዱ እስኪወርድ ድረስ ባሮ ዳር አሰለጠንኩ።

ለአሁኖቹ አሰልጣኞች የምለው አንድ ነገር ነው። ተጫዋች ሲመጣላችሁ ሩጫውን ከማየታችሁ በፊት እንዴት እንደሚበላ ጠይቁት። እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ከግጥሚያው በማግሥቱ ጠዋት፣ ጎሬን ከመልቀቃችን በፊት፣ ያደርንበት ሆቴል ሴቶች ፍርፍርና ሻይ አቀረቡ። ትሪውን ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ መኪናው ወሰድኩ። ጋትሉዋክንና ሌሎቹን አስገባሁ፤ ሸራውን አወረድኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ከኋላ ቆምኩ። ሞተሩ ተነሣ። ግራዝማች ከጋቢና ብቅ ብለው ምን እንደምጠብቅ ጠየቁኝ።

ሰው እየበላ ነው አልኳቸው።