ማሰሪያ የሌለው ተረት

እኔ ልጅ ሳለሁ ተረት በባዶ እጅ አይሰማም ነበር። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ፣ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው መንገድ ዳር አንድ የአጣና መሸጫ ግቢ ነበረ፤ እናቴ እዚያ አጣና እየላጠች ነው ያሳደገችን። እኛ የሰፈሩ ልጆች ከሰዓት በኋላ እየሄድን እናግዝና የተላጠውን ቅርፊት ለማገዶ ተሸክመን እንወርዳለን። የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭማቂ እጅ ላይ ሲደርቅ እንደ ሙጫ ነው፤ ጥፍር ያጠቁራል፣ ሽታው ከልብስ አይለቅም። ዛሬ ያንን ሽታ በጠርሙስ ገዝተው ሳሎናቸው ውስጥ የሚረጩ ሰዎች አሉ ሲሉኝ በሳቅ ነው የሞትኩት።

የግቢው ዘበኛ አባባ ሸረፋ ይባሉ ነበር። ነጭ ቆባቸው ከራሳቸው የማይወርድ፣ አንድ ዓይናቸው በሞራ የተሸፈነ፣ ድምፃቸው ግን ከአጥሩ ውጭ የሚሰማ ሽማግሌ። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ደረቅ ቅርፊት ሰብስበው እሳት ያነዳሉ፤ ያኔ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰ፣ እጃችን እየላጠ፣ ጆሯችን እሳቸው ጋ ይቀራል። ለመግሪብ ሰላት እስኪነሡ ድረስ ያወራሉ። ሰዓቱ ቢደርስባቸውም ተረቱን በግማሽ አይተዉትም፤ ጅቡንም አንበሳውንም እያስሮጡ ይጨርሱታል እንጂ።

ደግሞ ሕግ ነበራቸው። በነጋታው አዲስ ተረት ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዳችን ተራ በተራ ቀርበን የትናንቱን መጨረሻ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ በጆሯቸው እንነግራቸዋለን። በትክክል ለነገረ ልጅ ከአጣናው ላይ አንድ ረጅም ልጥ ይመዙለታል፤ በዚያ ሸክሙን ያስራል። ያልነገረ ቅርፊቱን በክንዱ አቅፎ፣ እያንጠባጠበ፣ እየተሳቀበት ቁልቁለቱን ይወርዳል። ስለዚህ የተረትን መጨረሻ «ማሰሪያ» ነበር የሚሉት። «ማሰሪያውን ያልሰማችሁትን ተረት ለሰው አትስጡ፤ ያልታሰረ ሸክም ሰው ጀርባ ላይ አይጫንም» ይሉን ነበር።

ይህን ነገር ረስቼው ኖሬያለሁ። ያስታወሰኝ ያለፈው እሑድ ነው።

የወንድሜ ልጅ ቤዛና ጓደኞቿ በወር አንድ እሑድ እንጦጦ ላይ ዛፍ ሥር ይሰበሰቡና «አሁን ምን እያነበባችሁ ነው? ምን እናንብብ?» ይባባላሉ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ፤ ፊደል በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ግን መጽሐፍ የያዘ ወጣት ሳይ ደስታዬ ልክ የለውም፤ ድፎዬን ተሸክሜ፣ ከሁሉም በላይ እየጮህኩና እየሳቅኩ መሀላቸው ጉብ እላለሁ። በዚያ ቀን ሳምራዊት የምትባል ልጅ ጥቁር ለብሳ መጥታ ነበር። እናቷን ከቀበረች አርባው እንኳን አልወጣም። ናታን የሚባለው ልጅ ከቦርሳው አንድ ወፍራም መጽሐፍ አውጥቶ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት።

«ሳሚ፣ ይሄን አንብቢ። ስለ እናት ነው። ያጽናናሻል፤ በእናቴ!»

«እሰይ የኔ ልጅ» አልኩት፣ ልቤ ሞቆ። «መጨረሻው እንዴት ነው?»

ሁሉም ሳቁብኝ። «አክስቴ፣ መጨረሻ አይነገርም! ስፖይለር ይባላል፤ ነውር ነው!»

«አይነገር። አንተ ግን ታውቀዋለህ?»

ራሱን አከከ። «ገና ገጽ ሠላሳ ምናምን ላይ ነኝ። ግን ሰው ሁሉ እየወደደው ነው፤ ቴሌግራም ላይ አላዩም?» ብሎ መጽሐፉን ከማኪያቶ ጎን አስቀምጦ ያነሣውን ፎቶ አሳየኝ።

ኤጭ! የያዝኩትን ድፎ መልሼ አስቀመጥኩት። እንዲህ ያለ ነገር የሚያንገሸግሸኝ ልጁን ንቄው አይደለም። እኔው ራሴ አድርጌው ነው፤ ያውም ከዚያው መንገድ ዝቅ ብሎ።

አንድ ቀን፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው፣ አባባ ሸረፋ ስለ አንዲት እናት ነገሩን። አንድያ ልጇ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ሄዶ ይቀርባታል። እሷም በየማታው ድርሻውን በሳህን አድርጋ ደጃፍ ላይ ታስቀምጥና በሩን ገርበብ አድርጋ ትተኛለች። ምግቡ እንዳለ ያድራል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። አንድ ጠዋት ስትነሣ ሳህኑ ባዶ ሆኖ አገኘችውና እልል አለች…

እዚህ ላይ እኔ ተኛሁ። የእሳቱ ሙቀት ነው፣ ጠዋት ውኃ ቀድቼ ደክሞኝ ነው፣ ምን ልበላችሁ። የአጣና ክምር ተደግፌ፣ ለሃጬን እያዝረበረብኩ ለጥ አልኩ። ስነቃ አባባ ሸረፋ እየሰገዱ ነበር።

በነጋታው ማሰሪያውን ሲጠይቁ ተራዬ ሳይደርስ ሾልኬ ከክምሩ ኋላ ዞርኩና ራሴ አንድ ልጥ መዘዝኩ። ማን ያየኛል? ሸክሜን አሥሬ እየዘፈንኩ ወረድኩ። ደግሞስ ይሄ ምን ማሰሪያ ይጠይቃል? ሳህኑ ባዶ ከሆነ ልጁ መጥቶ በልቷል ማለት አይደል?

ከቤታችን ፊት ለፊት እትዬ ጠጄ የሚባሉ ቆሎ ሻጭ ነበሩ። አንድ ልጃቸውን ለውትድርና ከወሰዱባቸው በኋላ ደብዳቤው ተቋርጦ፣ እሳቸውም ቆሎ መቁላቱን ትተው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ቁልቁለቱን ሲያዩ ይውሉ ነበር። ጎረቤት ቢመክር፣ ዘመድ ቢመጣ ዓይናቸውን ከመንገዱ አያነሡም። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ የናፈቀኝ የሳቸው ሳቅ አይደለም፤ ቆሏቸው ነው። እና አንድ ቀን ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ ጠጄ፣ አባባ ሸረፋ ልጇን ስለምትጠብቅ እናት ተረት ነገሩን። በጣም ነው የሚያምረው!»

ቀስ ብለው ዞሩ። «መጣላት?»

«አዎ! ሳህን ደጅ ስታስቀምጥለት ማታ ማታ እየመጣ ይበላል። ሲነጋ ሳህኑ ባዶ ነው።»

«ለምን አይገባም ታዲያ?»

«አፍሮ ነው። አንድ ቀን ግን ይገባል።»

ይችን የመጨረሻዋን ከየት እንዳመጣኋት እስከ ዛሬ አላውቅም። ምላሴ ላይ ተዘጋጅታ የቆየች ይመስል ነው የወጣችው።

ከዚያ በኋላ እትዬ ጠጄ ተነሡ። ደጃፋቸውን ጠረጉ፣ ነጠላቸውን አጠቡ፣ ገብስ ቆሉ። ሰፈሩ ሁሉ ተገረመ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ «ነይ፣ የምሥራች ነጋሪዬ!» ብለው ይጠሩኝና ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ነጭ የብረት ሳህን ላይ ቆሎ ሁለት እጄን ሞልተው ያፍሱልኛል። ጓደኞቼ ፊት ደረቴን ነፍቼ ነበር የምበላው። ከሳህኑ ሥር የሚወጣው ቆሎ አንዳንዴ ረጠብ፣ ተያያዝ ይላል። አልጠየቅኩም። ቆሎ ነው፤ ማን ይጠይቃል?

ሳምንት ያህል ሆነ። አንድ ቀን አመሻሽ አጣና ስንልጥ እናቴ ለአጠገቧ ሴት ታወራለች። «ጠጄ እኮ ነፍሷ መለስ ብሏል፤ ነገሯ ግን ግራ ገባኝ። ሳህን ደጅ አውጥታ፣ በሯን ገርበብ አድርጋ ነው አሉ የምትተኛው። በዚህ የጅብ አገር!» ያኔ ጅብ ከኪዳነ ምሕረት ጫካ እየወረደ በደጃችን ያልፍ ነበር፤ አንድ ሌሊት የጎረቤታችንን አህያ በልቶ ነበር።

አባባ ሸረፋ እሳቱን ይቆሰቁሱ ነበር፤ እጃቸው ቆመ።

«ይህን ተረት ማነው የሰጣት?»

ሁላችንም ወደ አጣናችን አቀረቀርን። የሚያየው አንድ ዓይናቸው ግን ልጆቹን አንድ በአንድ አልፎ እኔ ላይ ደረሰ።

«አስካለ፣ ነይ እስቲ። ማሰሪያውን ንገሪኝ» ብለው ጆሯቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጁ… ይመጣል» አልኩ።

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። «ያን ቀን ያሰርሽበትን ልጥ ከየት አመጣሽው?» ብቻ አሉኝ። መሬት መሬቱን አየሁ።

ሰላታቸውን ሰግደው እንደጨረሱ በሩን ለእናቴ አደራ ሰጡ። ግቢውን ለቀው ሲወጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ፋኖስ አበሩ፣ እጄን ያዙና ቁልቁለቱን ጀመርን። በመንገድ ላይ ጎንበስ ብለው ማሰሪያውን በጆሮዬ ነገሩኝ።

«የበላው ጅብ ነው። እናትየዋ አንድ ማታ በሩ ሥር ተኝታ ጠበቀችው። ሲመጣ ጠጉሩን ልትዳብስ እጇን ሰደደች።»

«ከዚያስ አባባ?»

«ከዚያማ አለቀ።»

«እርስዎ ይንገሩልኝ» ብዬ ለመንኳቸው፤ «በአላህ ይዤዎታለሁ!»

«ሸክሙ ያንቺ ነው፤ እኔ ፋኖሱን ነው የያዝኩልሽ።»

ስንደርስ ሳህኑ ወጥቷል፤ ሽሮ ፍትፍት አለበት። እትዬ ጠጄ በራቸውን ገርበብ ሊያደርጉ ቆመዋል። ብርሃኑን ሲያዩ ፊታቸው እንዴት እንደበራ! ማን የመጣ መስሏቸው እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ ነበርኩ።

«እትዬ፣ ጅብ ነው» አልኩ በአንድ ትንፋሽ። «ልጁ አልመጣም። የሚበላው ጅብ ነው። እሷንም… ማሰሪያውን አልሰማሁትም ነበር፤ ተኝቼ ነበር። ከራሴ ነው የተናገርኩት።»

እትዬ ጠጄ ጎንበስ አሉና ሳህኑን አነሡ፤ ፍትፍቱን ደፉትና ሳህኑን ወደ ፋኖሱ አስጠጉት። ሰማያዊው ጠርዝ በሦስት በአራት ቦታ ተነክሶ ተሸርፏል፤ አንዱ ጋ እንደ ቅጠል ታጥፏል። ሥሩ ላይ የደረቀ ለሃጭ ያብረቀርቃል።

«አይቼው ነበር» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሳህኑ እንደሚያወሩ። «በየጠዋቱ አየዋለሁ፤ እጁ ያረፈበት ነው ብዬ አላጥበውም። የሰው ጥርስ ብረት አይቆረጥምም፤ ይህ ጠፍቶኝ ነው? ግን ይቺ ልጅ ይገባል አለችኛ። ልጅ አይዋሽም ብዬ…»

እኔ ግን ያን ጊዜ ሌላ ነገር ነው የታየኝ። ሳህኑ! ሳህኑን አወቅኩት። ያ ረጠብ ያለ ቆሎ፣ ተያያዝ ያለው… እዚያው ደጃፋቸው ላይ አስታወክሁ። ይኸው ከዚያ ወዲህ በሳህን ቆሎ ቢያቀርቡልኝ አልነካም፤ ሰዎች ኩራት ይመስላቸዋል። የጅቡ ለሃጭ ግን የነገሩ ትንሹ ነው። የተጠየፍኩት አፌን ነው። በዚያው አፍ «ይገባል» ብዬ፣ በዚያው አፍ ዋጋውን በላሁ።

እና እትዬ ጠጄ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ውኃ አምጥተው አፌን አጠቡልኝ። በገዛ እጃቸው፣ አገጬን ይዘው። ቢመቱኝ እስከ ዛሬ እረሳው ነበር።

አባባ ሸረፋ በሩ ከውስጥ ሲቀረቀር ሰምተው ነው የተመለሱት። በነጋታው ማሰሪያውን በጆሯቸው ነገርኳቸው፣ ቃል በቃል። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ልጥ ግን አልመዘዙልኝም። «ይሄን ከእኔ ነው ያገኘሽው፤ አዳምጠሽ አይደለም» አሉኝ። ቅርፊቴን አቅፌ እያንጠባጠብኩ ወረድኩ።

የእትዬ ጠጄ ልጅ አልመጣም። እሳቸው ግን ከጊዜ በኋላ አጣና ግቢው ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ከኛ ጋር እየላጡ ተረት ይሰማሉ። ሁልጊዜም አባባ ሸረፋ ሊጀምሩ ሲሉ እጃቸውን ያነሡና «መጀመሪያ መጨረሻውን!» ይላሉ። እኛ ልጆች እንንጫጫለን። አባባ ሸረፋ ግን ተነሥተው ይሄዱና በጆሯቸው ይነግሯቸዋል። አንዳንዴ እትዬ ጠጄ «እሱንስ እችለዋለሁ» ብለው ይቀመጣሉ፤ አንዳንዴ ደግሞ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ደኅና እደሩ» ብለው ወደ ቤታቸው ይወርዳሉ።

እሑድ ዕለት ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ለልጆቹ አላወራሁላቸውም፤ ማን ድፎ እየበላ ስለ ለሃጭ ይሰማል? ብቻ እጄን ዘርግቼ መጽሐፉን ከሳምራዊት ጉልበት ላይ አነሣሁት።

«አክስቴ፣ እርስዎ እኮ…» አለ ናታን፤ አንብበው አይጨርሱትም ሊለኝ ፈልጎ አፈረ።

«በጣቴም ቢሆን እጨርሰዋለሁ። አንተም ከገጽ ሠላሳህ ቀጥል፤ እንይ ማን እንደሚቀድም!» አልኩት። ያኔ ሳምራዊት ራሷ ሳቀች፤ በዚያ ቀን የመጀመሪያዋ ነበር።

ይኸው በየማታው መነጽሬን አድርጌ፣ መስመሩን በጣቴ ይዤ እየሄድኩ ነው። ሳምራዊት ትደውላለች። «የት ደረሱ?» ትለኛለች።

«ገጽ ዘጠና አራት። አትቸኩይ።»

«ጥሩ ነው?»

በመጽሐፉ ውስጥ እናትየዋ ከሕመሟ ተሽሏት ከአልጋ ተነሥታ፣ ቤቱ ሁሉ እልል እያለ ነው። ገና የመጽሐፉ ግማሽ ላይ እንኳ አልደረስኩም።

«እስካሁንማ ደስ ይላል ልጄ» እላታለሁ። «እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»