የሣር ማጨጃው የማለዳ ሳል

ኮምቦልቻ ከምኖርበት ቤት ጀርባ የባጃጅ ጠጋኞች አሉ። በኅዳር ማለዳ ብርድ የያዘውን ሞተር ለማስነሳት ሲታገሉ፣ ያ ሊጠፋ ሲል ተመልሶ የሚንተፋተፍ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይመጣና ከአልጋዬ አንስቶ ሳዑዲ፣ ጂዛን ይጥለኛል። ጂዛንን አልወደውም። ትምህርት ቤቱን የማውቀው በአጥሩ ብቻ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩትም አገሬ ገብቼ፣ ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው። አባቴና እናቴ እዚያ የሠሩትን ሳስበው ግን እስከ ዛሬ እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ።

ጊዜው የየመን ጦርነት ዓመታት ነበር። እናቴ ድንበሩን ስትሻገር አዝላኝ ስለነበር፣ እኔ የማስታውሰው መንገዱን ሳይሆን የደረስንበትን ነው። ከአል-ዒዳቢ ወጣ ብሎ፣ ዓም የሕያ፣ አጎቴ የሕያ እንደማለት፣ የሚባል የአገሩ ሰው እንግዶቹን የሚቀበልበት፣ እነሱ ኢስቲራሃ የሚሉት ሰፊ ግቢ ነበረው፤ እኛም ከውሃ ታንከሩ ጎን በብሎኬት በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ ፍየሎቹን ይጠብቃል፣ ሣሩን ያጠጣል፣ ያጭዳል፤ እናቴ ታጥባለች፣ ታበስላለች። የመኖሪያ ወረቀት፣ ኢቃማ የሚሉት፣ ከሦስታችን አንዳችንም አልነበረንም። መንገዱ ሁሉ ኬላ ስለነበር፣ ከግቢው ተባረርን ማለት አቡ ዓሪሽ ከተማ ሳንደርስ ተይዘን እስር ቤት ገባን ማለት እንደሆነ እኔም በዚያ ዕድሜዬ አውቀው ነበር። ዓም የሕያ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ደግም አልነበረም። የሚሠራውን ያስቀምጣል፣ የማይሠራውን ያባርራል፣ በቃ።

በሙቀቱ ወራት፣ አቧራው ተራራውን ከዓይናችን ሰውሮ በከረመበት ሰሞን፣ አባቴ ፍየል እንዲያመጣ ድንበሩ አጠገብ ወዳለው አል-ሐርስ ተላከና ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ የማይታወቅ የከባድ መሣሪያ ጥይት አጠገቡ ወደቀ። ፍየሎቹን አስጭኖ መጣ። ደም የለበትም፣ ቁስል የለበትም። እናቴ አልሐምዱሊላህ እያለች ስታገላብጠው እሱ ግን አፏን አፏን ያይ ነበር። ጆሮው አብሮት አልተመለሰም። ሐኪም ቤት ወረቀት ይጠይቃል፣ ወረቀት የለንም፤ ጆሮ የሌለው ሠራተኛ ደግሞ ማን ያስቀምጣል? ስለዚህ ሁለቱ ነገሩን ደበቁት።

ዝናቡ ተራራውን ማጠብ ሲጀምር የቤታችን ትልቁ ሥራ የአባቴን አለመስማት መሸሸግ ሆኖ ነበር። የማይሰማ ሰው ሲያወራ ይጮኻል፣ እናቴም መዳፏን ወደ መሬት ዝቅ ስታደርግለት እሱ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ማንም ከኋላው መጥቶ እንዳይጠራው ሲሠራ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ትልቁ በር ያዞር ነበር። ለተባለው ሁሉ መልሱ «ሓዲር» ነበር፣ እሺ ጌታዬ እንደማለት ነው። አንድ ቀን ዓም የሕያ ጥቁሯ ፍየል የት ገባች ብሎ ቢጠይቀው «ሓዲር» አለው፤ ደግሞ ቢጠይቀው «ሓዲር» አለው፤ ሰውየው ፊቱ ሲቀያየር እናቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ፈልጎ ሊያመጣት መሆኑን ተናገረችና አዳነችው። ለብቻችን ስንሆን ግን አልማረችውም። «አንተ ሰይዶ፣ ሚስትህን ስጠኝ ቢልህም ሓዲር ልትለው ነው?» አለችው፣ ግማሹን በእጇ እያሳየች፤ እሱም ሲገባው እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

ጥዋት ጥዋት መብረድ ሲጀምር የሣር ማጨጃው ማሽን ታመመ። አየሩን የሚዘጋው እጀታ ሲዘጋ ይነሳል፣ ሲከፈት ያስለውና ይንተፋተፋል፤ አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ምንም እንዳልነካው ቀጥ ብሎ ይሠራል። አባቴ መዳፉን ጭኖ መንቀጥቀጡን ያውቃል፣ የትኛው የጤና የትኛው የበሽታ እንደሆነ ግን በእጅ አይለይም። ዓም የሕያ አንድ ማለዳ ሳሉን ሰምቶ ከመኪናው ወረደና፣ ይሄ ሰው ማሽኔ እንዲህ ሲሆን አይሰማም እንዴ ብሎ እናቴን ጠየቃት። ያቺ አይሰማም የምትለዋ ቃል ደማችንን አደረቀችው። ከነገ ወዲያ ልክ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እመጣለሁ፣ ሞተሩን ብርድ እንደያዘው እፊቴ ያስነሳል፣ ካልሆነ ኸላስ፣ አበቃ፣ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ ብሎ ሄደ።

አባቴ ሞተር የለመደው ልጅ ሆኖ ሐይቅ ከተማ አካባቢ የውሃ ፓምፕ ሲያንቀሳቅስ ነው። እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትቶ ቢያየው ጫፉ ነጥቷል፤ ወይ ቤንዚን አንሶታል ወይ አየር በዝቶበታል አለ። ቤንዚኑን ከአየር የሚያቀላቅለውን ካርቡራቶር አውልቆ ቀዳዳዎቹን በቀጭን ሽቦ ጠረገ፣ በአፉ ነፋ፣ መልሶ ገጠመ። በማግስቱ ማለዳ ቢያስነሳው ያው ሳል ነው፤ እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ያኔ እሷ የልብስ ሳሙናውን አረፋ በሳህን ይዛ መጣች። አዲስ የጋዝ ሲሊንደር በገባ ቁጥር ጎማውን አረፋ ቀብተን፣ ጋዝ የሚያመልጥ ከሆነ አረፋው የሚነፋበትን እናይ ነበርና፣ ሞተሩንም እንደዚያው ሊፈትኑት ነው። አባቴ ካርቡራቶሩ ከሞተሩ በሚገናኝበት ላይ አረፋውን ቀብቶ ዓይኑን አስጠግቶ አየ። አንድም ቦታ አልተነፋም። ደህና ነው ብሎ ሊጠርገው ሲል እናቴ እጁን ያዘችው።

ከባልዲው እርጥብ ጨርቅ አንስታ፣ ሞተሩ ሲቆራረጥ እሷም ጨርቁን አብራ እየቆራረጠች ታርገበግበው ጀመር፤ ድምፁን በዓይኑ እንዲያየው ነው። ከዚያ እንደገና ቀባው አለችው በእጇ። ሲቀባ ጨርቁ ቀጥ አለ። አረፋው ሲያልቅ ጨርቁ ተንቀጠቀጠ። ቀባ፣ ቀጥ አለ። አባቴ አንዴ ጨርቁን አንዴ ሞተሩን ሲያይ ቆየና፣ ጋዝ ወደ ውጭ እንደሚገፋ፣ ሞተር ግን ወደ ውስጥ እንደሚስብ በዚያች ቅጽበት በራለት።

«ዘይኔ፣ እየጠጣው ነው እኮ! አየሩን በዚህ ነው የሚጠጣው» አለ ጮኾ፣ እሷም ዝቅ አድርግ አላለችውም።

ፈትቶ ሲያየው በሁለቱ ብረቶች መሐል ሆኖ አየር የሚከለክለው ስስ ጓርኒሲዮን ተሰንጥቋል፤ ብረቱ ሲሞቅ ስንጥቁን ይደፍነዋል፣ ሲቀዘቅዝ ይከፍተዋል። ወፍራም ካርቶን በእናቴ መቀስ ልክ ልኩን ቆርጦ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ ገጥሞ አጠበቀው። ግን ፀሐይ ወጥታ ነበር። በዚያ አገር ፀሐይ የነካው ብረት እስከ ሌላ ማለዳ በደንብ አይቀዘቅዝምና፣ ማሽኑ መዳኑን የሚያውቁት ነገ ማለዳ፣ ከዓም የሕያ እኩል ሆነ። እናቴ ለማንኛውም ብላ ልብሳችንን በአንሶላ ጠቅልላ አሰረችው።

ሰውየው እንዳለው መጣና ከአባቴ ጀርባ ቆመ። እናቴ ከልብስ ማስጫው ገመድ ዘንድ እርጥብ ፎጣ ይዛ ቆማለች። አባቴ የማሽኑን ማስነሻ ገመድ ሳበ፣ ሞተሩ ተነሳ፤ ዓይኑን ከፎጣው ሳይነቅል እጀታውን ቀስ እያለ ከፈተ። ፎጣው አንዴ ተርገበገበ፣ ደግሞ ተርገበገበ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። እኔ እጀታው እስከ መጨረሻው መከፈቱን ያወቅሁት እናቴ ፎጣውን ገመዱ ላይ ስትዘረጋው ነው። አባቴ ማሽኑን እየገፋ ሣሩ ውስጥ ገባ።

ዓም የሕያ ከበሩ በኩል እንዲጀምር ጠራው፤ አባቴ በተቃራኒው ሄደ። ደግሞ ጠራው። እናቴ «ማሽኑ እየጮኸ እንዴት ይስማህ፣ ዓሚ?» አለችው። ሰውየው ሳቀና ራሱ ፊቱ ሄዶ በእጁ አመለከተው። ያ ሞተር እስከጮኸ ድረስ አባቴም እንደማንኛውም ሰው ነበር።

ተይዘን እስክንመለስ ድረስ ብዙ ዓመት እዚያ ግቢ ኖርን፣ ምስጢሩም ሳይወጣ ቀረ። ወላጆቼ አሁን ሐይቅ ናቸው። ባለፈው ገበያ አብሬያቸው ብሄድ፣ አባቴ ሽንኩርት ሻጩ ገና አፉን ሳይከፍት «እኔ ጆሮ የለኝም፣ ለሷ ንገራት» አለው፣ ገበያው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። እኔ ደንግጬ ዞር ዞር አልኩ። ሻጩ ግን እሺ አባባ ብሎ ሽንኩርቱን መዘነለት።