ቤዙ የመንግሥት፣ ፔዳሉ የእሷ

ኛሉዋክ ዱዋልና ጋሼ ከተማ በአንድ መድረክ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ሠርተዋል። ሲጨባበጡ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ድራም የምመታው እኔ ያዕቆብ ነበርኩ፤ የምቀመጠውም በሁለቱ መካከል ነው።

ጊዜው ጋምቤላ ክልል ከሆነች ብዙም ያልቆየችበት ነው። ባንዲራው አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ በዓሉም ብዙ ነበር። ለበዓሉ ዘፈን ያስፈልጋል ተባለና ከየአካባቢው ሰው ተለቅሞ የኪነት ቡድን ተቋቋመ። መሪያችን ከተማ ከደብረ ማርቆስ የመጣ የሙዚቃ አስተማሪ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል። ኛሉዋክ የመጣች ቀን ከላይ እስከ ታች አያትና፣

«ዘፋኝ ነሽ ወይስ ተወዛዋዥ?» አላት።

«ቤዝ ጊታር።»

«ቤዝ የሚጫወተው ማነው?»

«እኔ። አንተ ምን ትጫወታለህ?»

አማርኛዋን ከገበያ የለቀመችው ስለሆነ «አንቱ» የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። እኛ ሁላችን ጋሼ የምንለውን ሰው አንተ አለችው። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ጠባቸው የተጀመረው ያኔውኑ ነው።

ኛሉዋክ የኢታንግ ልጅ ናት። ቤዝ የተማረችው ፑኝዶ፣ ስደተኞች ሠፈር ውስጥ ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው። ያስተማራት ከናይሮቢ የመጣ የእርዳታ ድርጅት ሾፌር ሲሆን፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ጊታሩን ይዞ ሄዶ ለእሷ ሁለት ፔዳል ተወላት። ፔዳል በእግር የሚረገጥ፣ የሳሙና ማስቀመጫ የሚያክል የብረት ሳጥን ነው። የጊታሩ ድምፅ በእሱ በኩል አልፎ ወደ ስፒከሩ ሲሄድ መልኩን ይለውጣል። አንደኛው ዲስቶርሽን ይባላል፤ ድምፁን ያሻክረዋል። ሁለተኛው ኮረስ ነው፤ አንዱን ድምፅ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው የሚያዜሙት ያስመስለዋል። ኛሉዋክ አብዝታ የምትወደው ኮረሱን ነበር። ቀስ ባሉት ዘፈኖች ላይ ስትረግጠው ቡድኑ የሰጣት ቤዝ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል።

ፔዳሎቹ የሚሠሩት በዘጠኝ ቮልት ነው። አራት ማዕዘኗ ባለዘጠኝ ቮልት ባትሪ ደግሞ ያኔ ከተማችን ውስጥ አትገኝም። ባለሱቁ ሱሩር ጋ ያለው ወፍራሙ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ኛሉዋክ ስድስት ድንጋይ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ ደረደረችና በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጠፍራ አሰረችው። እያንዳንዱ አንድ ተኩል፣ ስድስቱ ዘጠኝ ሆኑ። ከዚያ ሽቦ ዘርግታ ለሁለቱም አካፈለች። ከመብራት በአዳፕተር ሲሆን የጄኔሬተሩ ማጉረምረም በስፒከሩ ይመጣል፤ በድንጋይ ሲሆን ግን ጭጭ ነው።

ከተማ ይህን ሁሉ ጠላው። «ይህን ፈንጂ ከመድረኬ ላይ አንሺ» ይላታል። የጊታሩ ገመድ ፔዳሉ ላይ እንደተሰካ ከቆየ ደግሞ ድንጋዩ በከንቱ ያልቃል፤ ስለዚህ እረፍት ባገኘች ቁጥር ትነቅለዋለች። ሲነቀል ስፒከሩ ጧ ይላል። ከተማ ለመናገር አፉን በከፈተ ቁጥር ጧ ይል ጀመር።

«ሆን ብላ ነው» አለኝ አንድ ቀን።

እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ሆን ብላ አልነበረም። በኋላ ግን ሆነ። አንቱታንም እስከዚያ ድረስ በደንብ ለምዳ ነበር፤ ለሱሩር እንኳ «ይስጡኝ» ትላለች። ለከተማ ብቻ አንተ።

በ1988 ዓ.ም. አልዌሮ ግድብ አጠገብ በዓል ተደረገና ሄድን። ፀሐዩ ብረት ያግላል። ዕቃችንን አውርደን ስንገጣጥም ኛሉዋክ ቀርከሃውን አነሳች፤ ባዶ ነው።

«ድንጋዮቼ የት አሉ?»

ከተማ ቀና ሳይል፣ «አስተዋዋቂው ለያዘው ድምፅ ማጉያ ሰጠሁት። የሕዝብ ሥራ ነው። በእኔ አዳፕተር ተጠቀሚ» አላት።

«የአንተ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። ፕላሱም በሌላ በኩል ነው። ያቃጥለዋል።»

«አንቺ ነሽ ኤሌክትሪክ የምታስተምሪኝ?»

ጎንበስ አለና በገዛ እጁ ኮረሱ ላይ ሰካው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ። ከተማ አዳፕተሩን ነቅሎ ሽቦውን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

«ድሮም አርጅቶ ነበር» አለ።

ኛሉዋክ ሜዳውን አቋርጣ ቦል ወደሚባለው አስተዋዋቂ ሄደች። ሰውየው እንግዶችን እየጠራ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ወስዳ፣ ከኋላ ከፍታ፣ ስድስቱን ድንጋይ አወጣችና ባዶውን መለሰችለት። ሕዝቡ ሳቀ። ተመልሳ ቀርከሃዋን ሞላች፤ የተረፈውን ዲስቶርሽን ሰካች።

ሁለት ዘፈን በሰላም አለፈ። በሦስተኛው መካከል ከተማ በኪቦርድ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ አለ፤ በጣም የሚኮራበት። ገና ጣቱን ሲያሳርፍ ኛሉዋክ ፔዳሉን ረገጠች፤ ቁልፉንም እስከ መጨረሻው አዞረችው። ቤዙ እንደ ትራክተር አገሣ። ኪቦርዱ የት እንደገባ ጠፋ። ከተማ ድምፁን ጨመረ፣ እሷም ጨመረች። ልቁም ልቀጥል ቸግሮኝ እመታለሁ። ወጣቶቹ መጀመሪያ አጨበጨቡ፤ ቆይቶ ሰው ጆሮውን መያዝ ጀመረ፤ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወጡ። በመጨረሻ ስፒከሩ ተቀደደና ሁለቱም ዝም አሉ። የዚያን ቀን ሙዚቃ በዚያው አበቃ።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራን። ሰብሳቢው ፓል የሚባል የቢሮው ኃላፊ ነበር፤ ሰዓቱን እያየ የሚናገር ሰው ነው። ከተማ ቆሞ ሥነ ሥርዓት የላትም፣ አለቃ አታከብርም፣ ስፒከር ቀደደች አለ። ኛሉዋክ የተቃጠለውን ኮረስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ይህን እሱ ነው ያቃጠለው» አለች።

«የማን ንብረት ነው?» አላት ፓል።

«የእኔ።»

«እንግዲያው የተቃጠለ የመንግሥት ንብረት የለም። የተቀደደ የመንግሥት ስፒከር ግን አለ።» ወደ እኔ ዞረ። «ያዕቆብ፣ አንተ ያየኸው ካለ?»

«ያቃጥለዋል ብላ ነገረችው። ነግራው ሳለ ነው የሰካው» አልኩ።

ከተማ አንድ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወዲያ እኔንም ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

ውሳኔው ኛሉዋክ ያለፔዳል እንድትቀጥል ሆነ። ቤዙን ከነማንገቻው ፓል ፊት አጋደመችው።

«ቤዙ የመንግሥት ነው፤ ይኸው» አለች። ሁለቱን ፔዳሎች፣ የተቃጠለውንም ጭምር፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ተነሣች።

ከተማ ከኋላዋ፣ «ጊታር ከሌለሽ ፔዳል ምን ይሠራልሻል? ነገ ተመልሰሽ ትመጫለሽ» አላት።

«ነገ እሑድ ነው» ብላው ወጣች።

በእርግጥም ለረጅም ጊዜ ቤዝ አልነበራትም። ፑኝዶ ሄዳ ቤተ ክርስቲያኑን ስታገለግል ኖረች፤ ምእመናኑ ቤዝ የገዙላት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ከተማ በበኩሉ በእሷ ቦታ ኦጅዋክ የሚባል ልጅ አስገባ። ኦጅዋክ በጥቂት ወር ውስጥ ተጣልቶት ሄደ። ቡድኑ እየሳሳ ሲመጣ እኔም ለቅቄ ከኛሉዋክ ጋር ሠርግ ለሠርግ መዞር ጀመርኩ።

አንድ ቀን የአንዲት ነርስ ሠርግ ላይ ሁለታችንንም ጠርተውን ኖሯል፤ እኛንም፣ የከተማን ቡድንም። ቀድመን የምንጫወተው እኛ ነን። ኛሉዋክ ሽቦዋን ዘርግታ ጨርሳ ሳለ ከተማ ኪቦርዱን ታቅፎ መድረክ ላይ ወጣና ሽቦው ላይ ቆመ።

«እግርህን አንሣ» አለችው።

«መድረኩ የሁላችን ነው።»

«ሽቦው የእኔ ነው።»

አላነሣም። እሷም አልጎተተችም። ሙሽሮቹ ገብተው ሰው እልል ሲል ሁለቱ እንደተፋጠጡ ናቸው። የሙሽራዋ አባት መጥቶ ክንዱን ይዞ ሲያወርደው ነው የተነሣው። ኛሉዋክ ያን ቀን ከተሰጠን ሰዓት አሳልፋ ተጫወተች። ይበቃል ብዬ በምልክት ስነግራት ፊቷን አዞረች። የከተማ ተራ ሲደርስ ግማሹ ታዳሚ ሄዷል፤ ኪቦርዱን ሳይከፍተው ጭኖ ወጣ።

በዓመቱ ወደ አገሩ ተዛወረ። ሽኝት ተደርጎለት እኔ ሄጄ ነበር። እሷንም ትመጪያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ልምምድ አለኝ» አለችኝ።