በአንድ ጆሮ ወፍ ፍለጋ

የማጠናት ወፍ ቡናማ ናት፤ ከድንቢጥ ብዙም አትበልጥም። የእስያዋ ደሴት ቦርኒዮ ጫካ ውስጥ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ስትሹለከለክ ስለምትውል በዓይን ያያት ሰው ጥቂት ነው። የምትታወቀው በድምጿ ነው። በፈረንጆች 2020 መጨረሻ ኮቪድ ይዞኝ እኔ ስድን ግራ ጆሮዬ ሳይድን ሲቀር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት እሷን ነው።

እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ደብሊን በምትባል ከተማ ያለው የጆሮ ሐኪም ደጋግሞ መረመረኝና መስማቱ እንደማይመለስ ነገረኝ። «በአንድ ጆሮ ብዙ ሰው ይኖራል» አለ። ከዚያ ሥራዬን ጠየቀኝ። በድምፅ ወፍ እንደምፈልግ ስነግረው የምርመራውን ወረቀት እንደገና አገላበጠ።

በአንድ ጆሮ ድምፅ ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ ግን አይለይም። እናቴ ከኪችን ስትጠራኝ ከውጭ መስሎኝ በሩን ልከፍት እሄድ ነበር። ጫካ ውስጥማ ድምፁ ከየት እንደመጣ ያላወቀ ሰው ወፏን አያገኛትም።

የዶክትሬት ጥናቴ አማካሪ ዕድሜውን ሙሉ የኦሃዮን ዳክዬዎች ያጠና ደግ ሽማግሌ ነው። በዙም አገኘኝና ርዕስ እንድለውጥ መከረኝ። «ዳክዬ ትልቅ ነው፤ ውኃ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሻል» አለኝ። ለእኔው አስቦ ነው። አመሰገንኩትና እንደማልለውጥ ነገርኩት። ቦርኒዮ ለመሄድ ስንት ዓመት የአገሩን ቋንቋ ማላይኛን ተምሬ ነበር። በዚያ ላይ እዚያ የምትሠራው ባልደረባዬ በኮቪድ መንገዱ ሁሉ በተዘጋበት ጊዜ ብቻዋን ጫካ እየገባች የወፏን ድምፅ ቀርፃ ትልክልኝ ነበር። እሷን ትቼ ወደ ዳክዬ መዞር አልሆነልኝም።

አባቴ ግሮቭፖርት በሚባል ሰፈር ባለ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ስለ እኔ ሲጠየቅ «ዶክተር ልትሆን ነው» ይላል፤ የምን ዶክተር እንደሆነ አይጨምርም። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ትንሽ ስፒከር ገዝቶ መጣ።

«የወፏን ድምፅ ጫኚበት» አለኝ።

«ምን ልታደርገው ነው?»

«እደብቀዋለሁ። አንቺ ትፈልጊያለሽ።»

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ኦፍ በሆነበት ቀን ሁሉ ፓርክ እንሄድ ጀመር። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ፤ እሱ ስፒከሩን ቁጥቋጦ ውስጥ ወሽቆ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ አሥር ጊዜ ተሳስቼ አንዴም አላገኘሁት፤ ተናድጄ መኪና ውስጥ የገባሁበት ቀንም አለ። አባቴ ተከትሎኝ አልመጣም፤ ስፒከሩን ቦታ ቀይሮ ጠበቀኝ። ቀስ በቀስ ራሴን እያዞርኩ ድምፁ የሚጎላበትን አቅጣጫ መያዝ ተማርኩ። ጥቂት እራመድና እንደገና እዞራለሁ። አዝጋሚ ነው፤ ግን ይሠራል።

አንድ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው አንዲት እናት በእግር ሲንሸራሸሩ ቁጥቋጦ ሥር ተንበርክኬ አገኙኝ።

«ምን ጠፋባችሁ ልጆቼ?»

«ወፍ» አላቸው አባቴ።

«አሁን ስትጮህ ሰማኋት እኮ፤ ያውላችሁ» ብለው በጣታቸው አሳዩን። አባቴ በጣም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ስፒከሩን ሌላ ቦታ ደብቅልኝ አልኩት።

በ2022 መንገዱ ሲከፈት ቦርኒዮ ሄድኩ። ባልደረባዬ ስለ ጆሮዬ ታውቃለች፤ ከስክሪን ውጪ ስንገናኝ ግን የመጀመሪያችን ነበር። የመጀመሪያው ጠዋት ከንቱ ሆነ። የጫካው ነፍሳት ጩኸት እንደ ኦሃዮ ፓርክ አይደለም፤ ወፏ ስትጮህ በተሳሳተ አቅጣጫ ሄጄ አስበረገግኋት። ባልደረባዬ ልታሳየኝ እጇን ስታነሳ፣ «ተይኝ፤ ራሴ ላግኛት» አልኳት። እጇን መለሰች።

በማግስቱ ዝናብ ካባራ በኋላ ወፏ ደግማ ጮኸች። ራሴን አዞርኩ። ጥቂት ተራመድኩ፤ ቆሜ ደግሜ አዞርኩ። ባልደረባዬ ከኋላዬ ትከተለኛለች። በወደቀ ግንድ ሥር ቅጠሉ ተነቃነቀና ወፏ ደረቅ የተክል ሥር በአፏ ይዛ ብቅ አለች፤ ጎጆ እየሠራች ነበር። አልቅት ካልሲዬን አልፎ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጣብቋል። ወፏ ሥሩን ይዛ ጎጆዋ እስክትገባ ድረስ አልቅቱን አልነካሁትም።