የሥርጉት ማር የተቀባ አማርኛ

ሥርጉት የዚያን ዕለት ነጠላዋን ትለብሳለች፣ ታወልቃለች፣ ደግማ ትለብሳለች። ደስታ መቀመጫ ነሥቷታል። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለው በእነሱ ሰፈር ሴቶቹ የሚያወሩት አዊኛ ነው። ስለ ወሊድ የሚያጠኑት ሰዎች ፍኖተ ሰላምን፣ ማንኩሳን፣ ደምበጫን በአማርኛ ሲጠይቁ ከርመው እነሱን ግን ዘለዋቸው ነበር። ዛሬ መጡ! አስተርጓሚዋም ሹሩባ ሠሪዋ ሥርጉት ሆነች፤ ጣቷ በሴቶቹ ሁሉ ጠጉር ውስጥ ያለፈ፣ ጆሮዋ የሁሉንም ምጥ የሰማ።

ልቧን የሚያስመታው ግን ሌላ ነው። ታናሽ እህቷ አደይ ወሯ ገብቷል፤ «ጤና ጣቢያ ዳግመኛ አልረግጥም» ብላ ምላለች። ምክንያቷን ከሥርጉት በቀር የጠየቃት የለም። ዛሬ ሰሚ ቢገኝ መሐላው ይላላ ይሆናል።

«እትዬ ሥርጉት፣ እንጀምር?» አለች ከባሕር ዳር የመጣችው ወጣት አጥኚ፣ ሜላት።

«ጀምሪ የኔ ዓለም፣ ጀምሪ!»

የመጀመሪያዋ ሴት ረጅም አወራች። መዳፏን አጨበጨበች፣ ዓይኗን ጠረገች። ሥርጉት ወደ ሜላት ዞረች።

«ደህና ነበር፣ ማርያም ትመስገን፣ ትላለች።»

«ይሄ ሁሉ ዕንባ ‹ደህና ነበር› ነው እንዴ፣ እትዬ?»

«አዎ እናቴ።»

ቀጣይዋም ደህና፣ ከእሷ በኋላ ያለችውም ደህና። በእነሱ ደጅ እንግዳን ክፉ ቃል አሸክሞ መሸኘት ነውር ነው። ሥርጉትም እንግዳዋን ያከበረች መስሏት የሴቶቹን ምሬት እየዋጠች ማሩን ብቻ ታቀርባለች።

ሜላት ፊቷ ጠቆረ። «እንግዲያ እዚህ ሰፈር ችግር የለም ብዬ ልመለስ ነዋ።»

አደይ አማርኛ መናገር ታፍራለች እንጂ መስማቱንስ ትሰማለች። ሆዷን ደግፋ ብድግ አለች።

«ሥርጌ! ማር አታብዢ! እኔ የምለውን በይ!» አለች በአዊኛ።

«ጠጉራችንን ስትጎነጉን እንዲህ ብትራራልን ምን ነበር!» አለች አንዷ በአዊኛ። ሳቁ ግቢውን ሞላው።

አደይ ተናገረች። ሥርጉት ቃል ሳትጥል ወደ አማርኛ መለሰችው።

«በጀርባዬ አስተኙኝ፤ እኛ ተንበርክከን ነው የምንወልድ። በአማርኛ መናገር አፍሬ የምፈልገውን አላልሁም። እህቴን ከበር መለሷት። ፈራሁ፣ በጓሮ ወጣሁ። ልጄን የድንች ትልም ውስጥ ወለድሁት። ሞተን ነበር፤ ማርያም ናት ያወጣችን።» ከዚያ ሥርጉት የራሷን ጨመረች፦ «ክፉ ቃል ነው፤ ይቅር በይኝ እንግዳዬ።»

«እትዬ፣ እኔ የመጣሁት እኮ ለዚህ ነው! አደይ፣ ምን ቢሆን ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ?»

«እህቴ አጠገቤ ትሁን። መንበርከክም አትከልክሉኝ» አለች አደይ በሥርጉት አፍ።

ሜላት እዚያው ስልክ መትታ የአደይን ጥያቄ ተናገረች፤ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ድምፅ ከስልኩ በሁሉም ጆሮ ገባ። «ምንጣፍ አነጥፍላታለሁ፤ እህቷም ትግባ!»

እልልታው ቀለጠ። ቀድመው የተናገሩት ሴቶች ሥርጉትን ከበቧት። «የኔንም አበላሽተሽዋል፣ እንደገና በይው!» «መጀመሪያ የኔን!»

«ቆዩ እናንተ!» አለች አደይ ከእህቷ ጉልበት ሥር እየተቀመጠች። «ሹሩባዬን ትሥራኝ። በተበተነ ጠጉር ጤና ጣቢያ አልገባም።»

ሥርጉት ጣቷ ጠጉር፣ አፏ ቃል እየጎነጎነ፣ በመሀል በመሀል በአደይ አንደበት ታንጎራጉር ጀመር፦

በሩን ክፈቱላት፣ እህቴ ትግባ፣
እሷ ናት እኔን ከሰው የምታግባባ።