በጭራ ፀጉር የሚያክመው አንጁሎ

ሄለን መጀመሪያ ያየችው የሸሚዙን ኪስ ነው። ሌላው እስክሪብቶ በሚሰካበት ቦታ አንጁሎ የላም ጭራ ፀጉር ጠቅልሎ ይይዛል። ለከብት ኪንታሮት ነው። ሥሩን በፀጉሩ ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል፤ ደም ሲቀርበት ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ በሁለት ሳምንት ሣር ላይ ይረግፋል። በጂንካ ዙሪያ ያሉትን የአሪ መንደሮች በእግሩ እያዳረሰ እንዲህ ሲያክም ሠላሳ ዓመት ሆነው። ጉልበቱ አልቋል።

በመስከረም የአከራይዋን ጊደር ሊያክም ሲመጣ ሄለን አጠገቡ ቆማ አየችና ተደነቀች። የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ዓመት አልሞላትም።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ይኼን እኮ ሳይንስም ደርሶበታል!»

ዕጢ ለማደግ የደም ሥር ወደ ራሱ እንደሚስብ፣ ከሰውነት ፕሮቲን የተቆረሰች ቁራጭ ያ ሥር እንዳይበቅል እንደምትከለክል፣ የአይጦች ዕጢ በዚያ እንደከሰመ ነገረችው።

«አይጥም ታሰረላት በይኛ!» ብሎ ሳቀ።

ሚስቱ አስካል ጡቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባት ለቀዶ ሕክምና ወደ ሐዋሳ ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት እንደተጻፈላት ግን ለሄለን አልነገራትም።

በታኅሣሥ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«ልጄ፣ ያ መድኃኒት መጣ?»

«የቱ መድኃኒት?»

«ደም ሥር የሚከለክለው።» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ሄለን የአስካልን ስም አነበበች፤ ቀኑን አነበበች። መስከረም አሥራ ሁለት።

«ሦስት ወር ሙሉ?»

«እኔ ነኝ ያስጠበቅኋት። እሷማ ልሂድ ብላ ነበር። ‹ሳይቆረጥ የሚረግፍበት አለ፣ መምህርቷ ነግራኛለች› አልኳት። ‹እኔ ጊደር ነኝ እንዴ?› ብላ ሰደበችኝ።» ፈገግ ሊል ጀምሮ ተወው። «ያኔ ባቄላ ያክል ነበር። አሁን እንቁላል አክሏል።»

«ጋሽ አንጁሎ፣ ያ በአይጥ ነው። በሰው ሲሞክሩት ያን ያህል አልሠራም። ያኔውኑ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር። ይሂዱ፤ ነገ በጠዋቱ መኪና ይዘዋት ይሂዱ።»

«አልረፈደም?»

«አላውቅም። ሐኪሞቹ አይተው ይንገሩዎት። መጠበቅ ግን የለም።»

ቢቆጣት ይቀላት ነበር። እሱ ግን መሬት መሬቱን ያያል።

«ኪንታሮት ሥሩ በዓይን ይታያል» አለ ቀስ ብሎ። «የዚህ አይታይም። ሠላሳ ዓመት ከብት ያየሁ ሰውዬ ይኼን እንኳ አላሰብኩም።»

«አብሬዎት መጥቼ ለእትዬ አስካል እኔ ልንገራት።»

«አንቺ አስተምሪ። ያስቀረኋት እኔ፣ የምነግራትም እኔ።»

ወረቀቱን ተቀብሎ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ገፍቶ ተነሣ። ወደ ገበያው ቁልቁል ሲወርድ አንድ ሰው ከደጃፉ ጮኸ፤ «ጋሽ አንጁሎ! ላሜ አልበላ ብላለች፣ እያት እንጂ!»

«ከሐዋሳ ስመለስ» አለ አንጁሎ። አልቆመም።